የአጎቴ እጅና አዲሱ መሪ

ክረምቱን የት ከርመህ መጣህ እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ ይኸውና፤ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳርቻ፣ በአንዲት ትንሽ የፋይበር ግላስ ጀልባ ላይ መሪ ስገጥም ከረምኩ። «መሪ» ስላልኩ ሌላ ምሥጢር የምትጠረጥሩ አትድከሙ። የማወራው ስለዚያ በእጅ ስለሚዞረው ክብ ነገር ነው።

ጀልባዋ የአጎቴ ናት። ተሳላሚውንና እንግዳውን ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል እያመላለሱ እኔን እዚህ ግቢ ያደረሱኝ በእሷ ነው። ከ20 ዓመት በላይ የነዱት ከኋላ ተቀምጠው፣ የሞተሩን እጀታ ጨብጠው ነበር። ዘንድሮ ግን ትከሻቸው እምቢ አለ። ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያድራሉ። አክስቴ «ትሸጥና ይረፉ» አሉ። እሳቸው ዝም።

«ጋሼ፣ እንደ መኪና መሪ ቢገጠምላትስ?» ያልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ በወሬ ቀላል ነው። መሪው ከፊት ይቆማል። ከመሪው ማርሽ የተነሣ ወፍራም ኬብል በጀልባዋ ጎን ወደ ኋላ ይሄድና፣ ጫፉ ላይ ያለው ዘንግ ሞተሩ ወደ ላይ ሲነሣ በሚዞርበት ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ በአጭር ክንድ ከሞተሩ ጋር ይያያዛል። መሪው ሲዞር ዘንጉ ይገፋል ወይም ይስባል፤ ሞተሩም ይዞራል። በቃ።

ይህን «በቃ» ለመጨረስ አራት ቀን ፈጀብን። ፋይበር ግላስ እንደ እንጨት ብሎን አይዝም፤ ካስጨነቁት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከጀርባው ኮምፔርሳቶ አስደግፈን፣ ብሎኑን አሳልፈን፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ አሰርነው። የቀዳዳውን ዙሪያ በሲሊኮን ደፈንን፤ ውሃ ከገባ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳልና። ጋዙንና ማርሹንም በሌሎች ሁለት ኬብሎች ወደ ፊት አመጣን። ኬብል ደግሞ ጠባይ አለው፤ አጥብበው ካጠፉት መሪው ይከብዳል። እኔ መመሪያውን አነባለሁ፤ አጎቴ በጣታቸው እየዳሰሱ «እዚህ ጋ ታንቋል» ይላሉ። ባየሁት ቁጥር እውነትም ታንቆ አገኘዋለሁ።

በአምስተኛው ቀን ጧት፣ ነፋሱ ሳይነሣ ወጣን። አጎቴ ከፊት ተቀመጡ። ገና ብዙም ሳንርቅ እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ከፊታችን ብቅ አለ።

«ወደ ቀኝ፣ ጋሼ!»

መሪውን ወደ ግራ መለሱት። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ወደ ታንኳው! እንደ ምንም ጋዙን ቀንሰው ማርሹን ፈቱና በአንድ ክንድ ርቀት አለፍን። ማዕበላችን ግን ታንኳውን አናወጠው፤ ከእንጨቱ ግማሹ ውሃ ገባ። ባለ ታንኳው ሰደበን። ይገባናል።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። እጀታ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጀልባዋ ወደ ቀኝ እንድትሄድ እጀታውን ወደ ግራ ትገፋለህ። መሪ ግን ወዳዞርከው ይሄዳል። ስለ እያንዳንዱ ብሎን የሚያወራው መመሪያ ስለ አጎቴ እጅ አንድም ቃል የለውም። እኔም አላሰብኩትም።

ዳር ስንደርስ እጃቸውን እያዩ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የጀልባዋን መሪ ቀየርክልኝ። የእኔን ግን መቼ ቀየርከው?»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ጎሕ ሲቀድ እየወጣን፣ ባዶ ጀሪካኖች ውሃው ላይ አስረን በመካከላቸው ስንዞር ቆየን። እኔ በአንድ ጧት ለመድኩት። እጄ ምንም ስለማያውቅ የሚረሳው አልነበረውም፤ ይህ ደግሞ አያኮራም። እሳቸው ግን 20 ዓመት የሠሩበትን በየጧቱ ጥቂት ጥቂት እየጣሉ ነበር። ሲሳሳቱ አፍሬ ፊቴን ወደ ዘጌ አዞራለሁ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ለሰው የሚበጀውን ከመጽሐፍ ማውጣት ይቀናናል። እኔም የአጎቴን ትከሻ ላድን ብዬ የማላውቀውን የድሀ እንጨት ውሃ አስገባሁ። መሪው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አሁን ሌሊቱን ተኝተው ያድራሉ፣ ጀልባዋም አልተሸጠችም። የሚቆጨኝ ብሎኑን ከማጥበቄ በፊት «ጋሼ፣ ሲነዱ እጅዎ እንዴት ነው የሚያደርገው?» ብዬ አለመጠየቄ ነው።

ባለ ታንኳውን ፈልገን የእንጨቱን ዋጋ ከፈልን። ገንዘቡን ተቀብሎ መሪውን ትክ ብሎ አየና «ይኸ ነው እንዴ ያሳበዳችሁ?» አለን።

አጎቴ ሳቁ። ከተገጠመ ወዲህ ስለ መሪው ሲስቁ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነበር።