የሚያንጠባጥብ ሞተር፦ ጫሞ ለሚወርደው ልጄ

ጣናን ትተህ ጫሞ ላይ ጀልባ ልትነዳ መነሳትህን ሲሰማ አባትህ ደስ ብሎታል፤ ሲያስብም አድሯል። ምክሩ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይት ሲያንጠባጥብ ሰውን ስለሚይዘው ችኮላ።

ብዙ ጀልባ ነጂ ከሞተሩ ሥር ጠብታ ሲያይ ቀድሞ የሚያነሳው መፍቻ ነው። መፈታት የሌለበትን ይፈታል፣ በአሮጌው ጋስኬት መልሶ ይገጥማል፣ ያልነበረ ፍሳሽ ይፈጥራል። ቱ ስትሮክ እንደ መኪና ሞተር ከታች የዘይት ቋት የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ ቡሎን ከመነካቱ በፊት የፈሰሰው የትኛው ዘይት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ለዚህ ጣትና አፍንጫ ይበቃሉ።

ጥቁር፣ ቀጭንና ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ በጭስ ማውጫው የወጣ ያልተቃጠለ ድብልቅ ነው። ካርቡራተር ያለው ቱ ስትሮክ ከሚጠጣው ነዳጅ እስከ 30 በመቶ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ሊያስወጣ ይችላል። ጫሞ ላይ አዞ ገበያ በሚባለው ዳርቻ ቱሪስት ጭኖ በዝግታ ሲንፏቀቅ የዋለ ሰው፣ ሞተሩን ከውሃ ሲያነሳ በፕሮፔለሩ ዙሪያ ይህን ጥቁር ነገር ማየቱ አይቀርም፤ ብልሽት አይደለም። ካንዴላው በዘይት ከራሰና ጭሱ ከበዛ ግን ድብልቁን መመርመር ነው። ብዙዎቹ ሞተሮች አዲስነታቸው ካለፈ በኋላ የሚፈልጉት 50 ለ 1 ነው፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። በዓይን ግምት የሚያፈስ ሞልቷል! ጭሱን ፈርቶ ከዚህ የሚቀንስ ደግሞ ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቃል። የዘይቱ ዕቃ ላይም ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ይፈለግ፤ የመኪና ዘይት ርካሽ ቢሆንም ፒስተኑንና ካንዴላውን በአመድ ይሸፍናል።

ወፍራም፣ የሚያጣብቅና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የማርሽ ዘይት ነው፤ እዚህ ላይ መደንገጥ ያምራል። ታችኛው የማርሽ ቤት ጎን ላይ ሁለት ቡሎኖች አሉ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ካደረ በኋላ የታችኛው ትንሽ ላላ ሲደረግ መጀመሪያ የሚወጣው ንጹህ ውሃ ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከመጣ፣ ዘይት የሚወጣበት ቀዳዳ ውሃም እያስገባ ነው። እንዲህ ሆኖ የተነዳ ማርሽና ኩሽኔታ ዝጎ ያልቃል።

ዋናው ጥፋተኛ አብዛኛውን ጊዜ የናይለን መረብ ክር ነው። በፕሮፔለሩና በማርሽ ቤቱ መካከል ተጠምጥሞ ይገባና ሻፍቱ ላይ ያለውን የዘይት ማገጃ ሲል ይቆርጠዋል። ክሩ ከውጭ አይታይም፤ ፕሮፔለሩ መውጣት አለበት። ጣና ላይ መረብ ሲይዘው ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚፈታ ነጂ አለ፤ ጫሞ ላይ ግን አዞ አለና ማንም ይህን እንዳያስበው። ሞተሩ ጠፍቶ ወደ ላይ ይነሳል፣ ክሩ ከጀልባው ውስጥ ሆኖ ይቆረጣል።

ፍሳሹ ከቡሎኖቹ ከሆነ ግን ቀላል ነው፤ ትናንሾቹን ማሸጊያዎች መቀየር ነው። አዲሱ ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ እየተገፋ ይገባል፤ በላይኛው ያለ አረፋ ሲወጣ መጀመሪያ ላይኛው ይታሰራል፣ ቀጥሎ ታችኛው። ከላይ የሚሞላ ሰው አየር ያፍንና የሞላ ይመስለዋል። የወጣው አሮጌ ዘይት በጀሪካን ወደ ከተማ ይመለስ፤ ሐይቁ ውስጥ መድፋት ነውር ነው።

ከኮፈኑ ሥር የሚታየው እርጥበት ባመዛኙ ከካርቡራተሩ ወይም ከተሰነጠቀ ቱቦ ነው። በጨርቅ ማጽዳት፣ ዱቄት ነስነስ ማድረግ፣ ጥቂት ማስነሳትና የቱ ጋ እንደሚርስ ማየት። ትልልቆቹ ሞተሮች ላይ ቀይና ቀጭን ዘይት ከታየ ሞተሩን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከቦታው ይመጣል። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ጫሞ ወደ 1,100። ለጣና ስስ አየር ቤንዚኑ ተቀንሶ የተስተካከለ ካርቡራተር ጫሞ ላይ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ከነዳጁ ጋር የሚደርሰው ዘይትም ይቀንሳል። አርባ ምንጭ የተገኘው ሞተር ከደጋ የመጣ ከሆነ፣ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ይህን መካኒክ ያስተካክለው።

ካንዴላዎች፣ የቡሎኖቹ ማሸጊያዎችና የማርሽ ዘይቱ በሻንጣው የጎን ኪስ ውስጥ ናቸው። የዘይት ማገጃ ሲል ሲገዛ ሻጩ የሞተሩን ሞዴልና ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ሞተሩ ጀልባው ላይ ከሚታሰርበት ብረት ላይ ተለጥፏልና ገና ሳይደበዝዝ ደብተር ላይ ይገልበጥ። እናትህ በርበሬውን ለብቻው ቋጥራዋለች፤ ከዘይቱ ጋር እንዳይነካካ።

አባትህ፣ ከባሕር ዳር