የትልቁ ጎረቤት በር

ግጥሞቼን በማስቶዶን ላይ ማስፈር ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ማስቶዶን እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ፣ አንድ ባለቤት የሌለው ማኅበራዊ መረብ ነው፤ ይኸውም በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቨሮች በየራሳቸው ደንብ እየተዳደሩ፣ አክቲቪቲ ፐብ በተሰኘው የጋራ ፕሮቶኮል አማካይነት መልእክት የሚለዋወጡበት ነው። የእኛ ሰርቨር አባላት ከጥቂት መቶ አይበልጡም። አንባቢዎቼም ጥቂቶች ናቸው፤ ሆኖም አንብበው ይመልሱልኛል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ሜታ ትሬድስን ከፈተ። በ5 ቀናት ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ኩባንያው በዚሁ ፕሮቶኮል ከእኛ ጋር ለመገናኘት መሻቱን ባስታወቀ ጊዜ በትናንሾቹ ሰርቨሮች ዘንድ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ብዙ አስተዳዳሪዎች በሩን አስቀድመው ለመዝጋት ቃል ተጋቡ። የእኛም አስተዳዳሪ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ሲል ጠየቀን።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ደራሲ አንባቢ ይርበዋል፤ ይህን መካድ ግብዝነት ነው። ካናዳ የምትኖረው እኅቴ እንኳ ያለችው ከወዲያኛው ማዶ ነው። ስለዚህ ያለ አንዳች ማመንታት «ይከፈት» ልል ነበር። ያቆመኝ የጉግል ቶክ ታሪክ ነው።

ጉግል ቶክ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር የተመሠረተው ኤክስኤምፒፒ በተባለ ክፍት ፕሮቶኮል ላይ ነበር፤ በ2006ም ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ተገናኘ። የትናንሾቹ ሰርቨሮች ሰዎች ከጉግል ወዳጆቻቸው ጋር በየቤታቸው ሆነው ተጨዋወቱ። በ2013 ግን ኩባንያው ሃንግአውትስን ሲያወጣ ያንን መገናኛ ወደ ጎን ተወው። ከቤቱ የተባረረ ማንም አልነበረም። ወዳጆቹ ግን ከማዶ ቀሩ። ፕሮቶኮሉ ዛሬም አለ፤ የጎደለው ጨዋታው ነው።

ታዲያ ጥፋቱ መገናኘቱ ነበርን? አይመስለኝም። ጥፋቱ ትንሹ ቤት የራሱን ምድጃ ትቶ በጎረቤቱ እሳት ብቻ መሞቁ ነው። (ይህን ስጽፍ፣ ቴያትራችን በአንድ ትልቅ ተመልካች ፈቃድ ብቻ ሲቆም የሚደርስበትንም እያሰብሁ ነው።) እናም ድምፄን ሰጠሁ፦ ይከፈት፤ ነገር ግን ደንባችን ለእነርሱ ሲባል አይለወጥ፤ መዝጋት የሚሻ አባልም ለራሱ ይዝጋ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሜታ በአሜሪካ፣ በካናዳና በጃፓን ላሉ ተጠቃሚዎቹ ከእኛ ጋር የመገናኘትን ምርጫ ሰጠ። ምርጫው ካልተከፈተ ዝግ ነው። እኅቴ እስካሁን አልነካችውም። ግጥሞቼን በስልክ አነብላታለሁ።