ዓይን አፋር ወንድ በሬዲዮ ድራማ

የሬዲዮ ድራማ ገጸ ባሕርያቱን በድምፅ ብቻ ያቆማል። መልክ፣ ቁመናና አለባበስ አይታዩም፤ ስለዚህ አድማጭ አንድን ወንድ የሚያውቀው በአነጋገሩ፣ በትንፋሹና በዝምታው ነው። ይህም የሬዲዮ ድራማን ዓይን አፋርነትን ለማሳየት የተመቸ ያደርገዋል። በመድረክ ላይ አንገቱን የሚደፋ ሰው በሬዲዮ ቃሉን ጀምሮ ያቋርጣል፤ በአደባባይ ያልተናገረውን ደግሞ በውስጥ ንግግሩ ለአድማጭ ይገልጣል።

ለማስተማር ታስበው የሚጻፉ ተከታታይ ድራማዎች ከሚከተሏቸው ስልቶች አንዱ የሜክሲኳዊው የቴሌቪዥን አዘጋጅ የሚጌል ሳቢዶ ነው። ሳቢዶ የሥነ ልቦና ምሁሩን የአልበርት ባንዱራን የማኅበራዊ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ መሠረት አድርጎ ገጸ ባሕርያትን በሦስት ይከፍላል፦ መልካም አርአያ፣ የጥፋት ምሳሌና በሁለቱ መካከል የሚዋልል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለ ድራማ በዚህ ስልት የተሠራ ነው።

ስለ ወንድነት በሚተርክ ድራማ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሚዋልለው ሰው ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ወጣት ፍርሃቱን በፉከራ ይሸፍናል፤ ጓደኞቹ ፊት ሌላ፣ ብቻውን ሲሆን ሌላ ነው። ታሪኩ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሻገር የማስመሰል ዋጋው ይገለጣል፦ ሳይነገር የቀረ ፍቅር፣ ያልተጠየቀ እርዳታ፣ ብቸኝነት። ለውጡ የሚጀምረው ወጣቱ ደፋር መስሎ መታየቱን ትቶ እውነቱን ሲናገር ነው። ዓይን አፋርነት ጉድለት አይደለም፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰውም የራሱን ቃል እስከተናገረ ድረስ ወንድነቱ ሙሉ ነው።