በሊትር ስንት ይበራል?

እዚህ አገር መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ በሊትር ስንት ይሄዳል? እኛም ሰዎች ጓሯቸው ውስጥ በገዛ እጃቸው ስለሚሠሯቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ማንበብ ስንጀምር መጀመሪያ ያነሳነው ጥያቄ ይኸው ነበር። ምን ይደረግ፣ የአዲስ አበባ ልጆች ነን። ታክሲ ውስጥም፣ እራት ገበታ ላይም የምንሰማው የነዳጅ ወሬ ነው።

ሦስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ማኪያቶ እየጠጣን የምናሰላበት አንድ ደብተር አለን። አውሮፕላን የለንም፤ ደብተሩ ግን አለ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰፈረው የሞተር ስም፣ ሳትገምቱት አትቀሩም፣ ቮልስ ነው።

ቀልድ አይደለም። ያቺው የምታውቋት፣ ሞተሯን ከኋላ የተሸከመችው ቮልስ ናት። አራቱ ሲሊንደሮቿ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ይተኛሉ፤ የሚያቀዘቅዛቸውም ውኃ ሳይሆን አየር ነው። ራዲያተር የለ፣ የውኃ ፓምፕ የለ፣ የውኃ ጎማ የለ። ለመኪና ይህ ምቾት ነው፤ ለአውሮፕላን ግን የተቀነሰ ኪሎ ነው። ፋኑንም ትነቅሉታላችሁ፤ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ሥራውን ይሠራል፣ ፋኑን ለማዞር ይባክን የነበረው ጉልበትም ለፕሮፔለሩ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የዓለም መገናኛ ብዙኃን ያወሩለት የአገራችን ልጅ አስመላሽ ዘፈሩ በእጁ በሠራው ኬ-570ኤ ላይ የገጠመው የቮልስ ሞተር ነበር፤ 40 የፈረስ ጉልበት።

ሐሳቡ ግን ከቮልስም ይቀድማል። በ1920ዎቹ መጨረሻ በርናርድ ፒተንፖል የሚባል የሚኒሶታ ሰው የፎርድ ሞዴል ኤ ሞተር ከእንጨት በሠራው አውሮፕላን ላይ ገጥሞ በሯል፤ ያንን ንድፍ ዛሬም የሚሠሩት አሉ። ራይት ወንድማማቾችማ በ1903 የሚስማማ ሞተር የሚሸጥላቸው ስላጡ መካኒካቸው ቻርሊ ቴይለር የብስክሌት ሱቃቸው ውስጥ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሠርቶ ሰጣቸው። የመጀመሪያው አውሮፕላን ራሱ የጓሮ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ቮልስ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ መካኒክ አሉ። “ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ቢበር ምን ይላሉ?” አልናቸው። ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና ስለ ሦስተኛው ሲሊንደር ነገሩን። በቆዩት ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው የዚያን ሲሊንደር አየር ይጋርዳል፤ እሱ ከሌሎቹ ይግላል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ቀድሞ የሚሄደው እዚያ ነው። ቀጥለው የጠየቁን ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፦ “እናንተ ልጆች፣ ይሄን ሞተር ሳታሳርፉ ስንት ሰዓት ነው የምታሠሩት?”

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ የሚነዳ መኪና ካለው ጉልበት የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው። መብራት ላይ ይቆማል፣ ቁልቁለት ላይ ይንከባለላል። አውሮፕላን ግን ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱን፣ ከተነሳ በኋላም ከመቶ 65 ወይም 75 እጁን ለሰዓታት ያለማቋረጥ ይጠይቃል። ለአሥር ዓመት ልጆች ትምህርት ቤት ሲያመላልስ የኖረ ሞተር ሕይወቱን ሙሉ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። መኪናው ቢያስቸግር ዳር ይዛችሁ ትቆማላችሁ። ሰማይ ላይ ዳር የለም።

ወደ ሊትሩ እንመለስ። ሁለቱም 100 የፈረስ ጉልበት ያላቸውን ሁለት ሞተሮች እንውሰድ። ሮታክስ 912 በሦስት አራተኛ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ የድሮው ኮንቲኔንታል ኦ-200 22 ሊትር ገደማ። (ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚጨመርላቸው ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተሮች እዚህ ሒሳብ ውስጥ የሉም፤ እነሱ ቀላልና ርካሽ ናቸው፣ ጥማቸው ግን ለብቻው ነው።) ልዩነቱ 4 ሊትር ነው። በዓመት 50 ሰዓት ብንበር 200 ሊትር ተረፈን። ሊትሩን 1 ዶላር ተኩል ብንለው 300 ዶላር ይሆናል። አዲስ ሮታክስ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ካሮጌው ሞተር በ10 ሺህ ዶላር ቢበልጥ ብልጫውን በነዳጅ ለመመለስ 33 ዓመት መብረር አለብን! እስከዚያ እኛም ጡረታ እንወጣለን።

ታዲያ ነዳጅ የሚቆጥበው ማነው? ክብደቱ፣ የአውሮፕላኑ ቅርጽና የአብራሪው እጅ። ፍጥነት ሲጨምር አየሩን ለመቅደድ የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ እጅግ በበለጠ ያድጋል። በፈጣን ጉዞ ላይ ያለ አብራሪ ፍጥነቱን በ10 በመቶ ቢቀንስ የሚያስፈልገው ጉልበት በሩብ ገደማ ይወርዳል። ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል፣ በኪሎሜትር የሚያቃጥለው ግን ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንስለታል። ይህን ቁጠባ የሚሸጥ የሞተር ፋብሪካ የለም፤ በነፃ ነው።

በርት ሩታን ይህንን ከማንም በላይ የገባው ይመስለናል። በ1975 የሠራው ቫሪ-ኢዚ የመጀመሪያው ናሙና የበረረው በቮልስ ሞተር ነበር፤ በዚያው ዓመት በክብደት ምድቡ ከ2,600 ኪሎሜትር በላይ በርሮ ክብረ ወሰን ሰበረ። ንድፉን ለሌሎች ሠሪዎች ሲያቀርብ ግን ኦ-200 እንዲገጠምበት አደረገ። ክብረ ወሰን በሰበረ ሞተር ላይ ሌላውን ሰው አላስቀመጠም፤ እኛ የምናነበው እንዲህ ነው። በ1986 ደግሞ ወንድሙ ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር በእሱ ንድፍ በተሠራው ቮያጀር የትም ሳያርፉና ነዳጅ ሳይሞሉ በ9 ቀን ምድርን ዞሩ። ሲነሳ የአውሮፕላኑ ክብደት ከመቶ ሰባው ነዳጅ ነበር፤ 3,180 ኪሎ። ሁለት ሞተር ነበረው፣ አብዛኛውን መንገድ ግን የፊተኛው ጠፍቶ በኋለኛው ብቻ ነው የተጓዘው። መጨረሻው ቀን ላይ ካሊፎርኒያ ሊደርሱ ሲሉ ኋለኛው ነዳጅ ተቋርጦበት ጠፋ። ተኝቶ የከረመውን የፊተኛውን ቀስቅሰው ነው የተረፉት። ሲያርፉ ታንኩ ውስጥ 48 ኪሎ ነዳጅ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያ ለቀናት ሥራ ፈትቶ የተሸከሙት ሞተር ከነዳጅ ቁጠባ አንፃር ብቻ ብትመዝኑት ኪሳራ ነው።

እኛ ዘንድ ሌላም ነገር አለ፤ ከፍታው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን አንድ አራተኛ ያህል እዚህ ይጥላል። ባሕር ዳርቻ ላይ 40 የሆነው አዲስ አበባ ላይ 30 ነው። ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነትና የረዘመ ሜዳ ይፈልጋል። ስሱን አየር ሳያዩ ቤንዚኑን እንደ ቆላ የለቀቁለት ካርቡሬተርማ ጉልበት ሳይጨምር ነዳጅ ብቻ ያፈሳል፤ ቅይጡን ማቅጠን ግድ ነው።

ፕሮፔለሩም አለ። ቮልስ ፕሮፔለሯን በቀጥታ፣ ያለ ማርሽ ስለምታዞር በደቂቃ 3,300 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፤ ጫፉ ከልክ በላይ እንዳይፈጥን ማጠር አለበት። ሮታክስ እስከ 5,800 ይዞራል፣ በማርሽ ግን ወደ 2,400 ገደማ ያወርደዋል፤ ረዥም ፕሮፔለር ተሸክሞ ሲነሳ በደንብ ይስባል። ለደጋ ሰው ይህ ከ4 ሊትሩ ይበልጣል፤ ሁለታችን ስለዚህ ሮታክስ ብለናል።

ሦስተኛችን የድሬ ልጅ ነው፣ ከቮልስ አልወርድም ብሏል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ አውሮፕላኑ ባለ አንድ መቀመጫ ይሁን፣ ሜዳውም ይርዘም ይላል። እንደ ሐሳብ ክፉ አይደለም። ግን ሙቀቱስ? ቀትር ላይ በ35 ዲግሪ የድሬ አየር 2,200 ሜትር ላይ እንዳለ አየር ይሳሳል፤ ቦሌ ደረስን ማለት ነው። ለዚህም መልስ አላጣም፦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እነሳለሁ፣ ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ አርፌ ቁርሴን እበላለሁ።