በቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚገኘው የሃርድ ዲስክ ስሕተትና ስለ አስተራረሙ

ባሁኑ ዘመን በባሕር ዳር ከተማ የሚኖር ቤተ ሰብ እንደ ቀድሞው ውሉንና ደብዳቤውን በሣጥን ቈልፎ ማኖሩን እየተወ፥ የቤቱን ጽሕፈት ሁሉ በኮምፒዩተር ውስጥ ማኖር ልማድ አድርጎታል። የሠርጉ ፎቶግራፍ፥ የልጆቹ የትምህርት ምስክር ወረቀት፥ የቤቱ ካርታ ግልባጭ፥ የሞቱ ዘመዶች ድምፅ ሳይቀር በዚያ ይገኛል። ይህንንም ሁሉ የሚሸከመው ሃርድ ዲስክ የተባለው፥ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ዕቃ ነው። ስለዚህ ይህ ዕቃ በታመመ ጊዜ ምን ሊደረግለት እንደሚገባ ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ብንጽፍ የሚጠቅም መስሎ ታየን።

ሃርድ ዲስክ ማለት በውስጡ እንደ መስተዋት የተወለወሉ ክብ ሳሕኖች ያሉበት ዝግ ሣጥን ነው። ሳሕኖቹ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራሉ፤ የሚያነበውና የሚጽፈው ጫፍ ግን ሳሕኑን ሳይነካ፥ ከጠጕር ውፍረት በብዙ ሺሕ እጅ ባነሰ ክፍተት በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ለመንሳፈፊያው አየር ስለሚያስፈልገው ብዙዎቹ ሠሪዎች ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ካለፈ ከፍታ ላይ እንዳይሠራበት ያስጠነቅቃሉ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ስለ ሆነች በዚህ ረገድ የሚያሠጋት ነገር የለም፤ በጉና ተራራ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሊጽፍ የሚያስብ ሰው ካለ ግን ነገሩን ይመርምረው። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1956 አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሳሕን ነበረው፤ ክብደቱም አንድ ቶን ያህል ሆኖ ሳለ የያዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር።

በሳሕኖቹ ላይ የሚጻፈው ነገር ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ባሁኑ ጊዜ የተለመደው ሴክተር 4,096 ባይት ይይዛልና፥ በቤታችን ያለው የ1 ቴራባይት ዲስክ 244 ሚሊዮን ያህል ሴክተር አለው ማለት ነው። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የምንሠራ ሰዎች አንድ መዝገብ ስንረከብ ገጹን ቈጥረን በሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ቍጥር ጋራ እናስተያያለን፤ ባይገጥም አንፈርምም። ዲስኩም እንደዚሁ ያደርጋል። ከእያንዳንዱ ሴክተር ጋራ ከጽሑፉ ተሰልቶ የወጣ የማረሚያ ቍጥር ይጽፋል፤ በሚያነብበትም ጊዜ እንደ ገና አስልቶ ያስተያያል። ጥቂት ብቻ ተበላሽቶ እንደ ሆነ በዚሁ ቍጥር ረዳትነት ራሱ ያርመዋል፤ ባለቤቱም ሳያውቅ ያልፋል። ጥፋቱ ከዚያ የበዛ እንደ ሆነ ግን ሐሰት ከማንበብ አልተነበበልኝም ማለትን ይመርጣል። ዊንዶውስ በተባለው ሥርዐት «የዳታ ስሕተት» የሚል ማስታወቂያ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ስሕተትን ፈልጎ የሚያርመውን የቍጥር ጥበብ በ1950 ያሳተመው ሪቻርድ ሃሚንግ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፥ ያነሣሣውም በቤል ላቦራቶሪ የነበረው የስሌት መኪና ሰው በሌለበት በሰንበት ቀን ስሕተት ባገኘ ቍጥር ሥራውን እየጣለ ስላስቸገረው ነው።

እንግዲህ ስሕተት ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው የማውጫው ስሕተት ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተሩ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ድንገት ሲጠፋ፥ ደብዳቤው በቦታው ሳለ መዝገቡ «የለም» ወይም «በሌላ ቦታ ነው» እያለ የሚሳሳትበት ነው። ሁለተኛው የገጹ ስሕተት ነው፤ ይኸውም መዝገቡ ልክ ሆኖ ሳለ ገጹን ምስጥ እንደ በላው ያለ፥ ሳሕኑ ራሱ የተበላሸበት ነው። የላላ ሽቦም ስሕተት ያመጣልና አስቀድሞ እርሱን ማየት ይገባል።

ለእነዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያውቀው መድኀኒት ቼክ ዲስክ የተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ነው። ኤፍ የሚለውን ፊደል ጨምረው ሲያዙት ማውጫውን ያርማል፤ አር የሚለውን ሲጨምሩበት የተበላሹትን ሴክተሮች ይፈልጋል፤ ሊነበብ የሚችለውንም ያወጣል። መሣሪያው በራሱ ደግ ነው። ዳሩ ግን ታማኝነቱ ለመዝገቡ ሥርዐት ነው እንጂ በመዝገቡ ውስጥ ላለው ጽሑፍ አይደለም። ከማውጫው ጋራ የማይገጥም ቅጠል ባገኘ ጊዜ ስሙን አጥፍቶ ቍራጩን ለብቻው ያኖረዋል፤ ወይም ጨርሶ ይጥለዋል። ሲፈጽምም ሥራው ተከናወነ፥ ዲስኩ ደኅና ሆነ ይላል። ደኅና የሆነው መዝገቡ ነው፤ ደብዳቤው ግን ላይኖር ይችላል። ከዚህም በላይ በአር ሲታዘዝ ዲስኩን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ፥ በሞት አፋፍ ያለውን ዲስክ በብዙ ሰዓት ድካም ሊገድለው ይችላል። ከዘጌ ቡና ጭኖ የሚመጣ ታንኳ ውሃ ማስገባት ቢጀምር ባለ ታንኳው ደንገሉን ለማሰር አይቸኩልም፤ አስቀድሞ ቡናውን ወደ ዳር ያወጣል።

ይህን የምንጽፈው በቤታችን ከደረሰው ነገር ተነሥተን ነው። እናታችን የዘጌ ሰው ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. ልጆቻችን በአራት ቀን ተቀምጠው የትውልዳቸውን ቍጥር፥ የቡናውን መሬት አከፋፈልና የልጅነታቸውን ነገር እያስተረኩ ድምፃቸውን ቀዱ፤ የተቀዳውንም ወደ ኮምፒዩተሩ አገቡት። እናታችን በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የእኅታችን ልጅ ታጨች፤ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች በአገሩ ልማድ ሰባት ቤት ይቈጠር አሉ። ከእናታችን ወዲህ ያን ቍጥር አጥርቶ የሚያውቅ አልነበረምና ድምፁን ልናሰማ ኮምፒዩተሩን ከፈትን። በዚያ ሰሞን መብራት በነጐድጓዱ ምክንያት ደጋግሞ ይጠፋ ነበር። ሁለተኛው ቀን የተቀዳው ከመካከሉ ተቋረጠና ያ የስሕተት ማስታወቂያ ወጣ፤ ዲስኩም ይታደስ ዘንድ ፈቃድ ጠየቀ።

ትልቁ ልጃችን «አባባ፥ እሺ ልበለውና ያድሰው» አለ። «ተው ልጄ፤ አስቀድሞ ግልባጩ ይውጣ» አልነው። በመዝገብ ቤት ያረጀ መዝገብ ሲጠረዝ፥ አስቀድሞ ሳይገለበጥ ወደ ጠራዡ አይሄድምና።

ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ወደ አንድ ወጣት ባለሙያ ወሰድነው። እርሱም «ጋሼ፥ ማደሻውን ሳይነኩ ማምጣትዎ ደግ ነው» ብሎ ዲስኩን ፈትቶ፥ ሊኑክስ በተባለው ሥርዐት ከሚሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ጋራ አገናኘው፤ ዊንዶውስ አልነካውም። ከዚያም ዲዲሬስኪው በተባለው መሣሪያ መገልበጥ ጀመረ። የዚህ መሣሪያ ብልሀት እንዲህ ነው፤ አስቸጋሪ ቦታ ሲደርስ አይታገልም፤ ምልክት አድርጎ ይዘልላል፤ ደኅናውን ሁሉ በአዲሱ ዲስክ ላይ ከገለበጠ በኋላ ወደ ዘለለው ተመልሶ ጥቂት በጥቂት ይሞክራል። የተነበበውንና ያልተነበበውንም በአንድ ካርታ ላይ ስለሚጽፍ፥ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ለእኛ ከተማ የተሠራ ይመስላል። ከጥቂቱ በቀር ሁሉ በአንድ ቀን ተገለበጠ፤ ለዚያ ለጥቂቱ ሦስት ሌሊት ተሠራ። በመጨረሻ ያልተነበበው 312 ሴክተር ሆነ። ቼክ ዲስክ የታዘዘው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም በግልባጩ ላይ።

አንባቢዎቻችን ስማርት ስለሚባለው ስለ ዲስኩ የራሱ የጤና መዝገብ ማወቅ ይገባቸዋል። በዚህ ውስጥ 5ኛው ቍጥር ተበላሽተው በሌላ የተተኩትን ሴክተሮች፥ 197ኛው ደግሞ አጠራጥረው ውሳኔ የሚጠብቁትን ይቈጥራል። እነዚህ ሲጨምሩ ከታዩ ዕቃው መሰናበቻው ደርሷል። ጉግል የተባለው ኩባንያ ሰዎች ከ100,000 የሚበልጡ ዲስኮችን መርምረው በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፥ የመጀመሪያው የንባብ ስሕተት የተገኘበት ዲስክ ስሕተት ካልተገኘበት ይልቅ በ60 ቀን ውስጥ የመሞቱ ነገር 39 እጅ የበለጠ እንደ ሆነ አመልክተዋል። ደግሞም ከሞቱት ብዙዎቹ አንዳች ምልክት ሳያሳዩ መሞታቸውን ጽፈዋልና፥ የጤናውን መዝገብ ብቻ ታምኖ መቀመጥ አይገባም። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ ወዲያው ይጥፋ። ሽፋኑን በቤት መክፈት አንዲት ትቢያ ብትገባበት ጥፋት ነው። በማቀዝቀዣ አኑሩት የሚሉም አሉ፤ ከብርድ ወጥቶ በጣና ዳር አየር ላይ ሲሞቅ የሚያወርደውን ጤዛ አላሰቡትም።

የግልባጭ ነገር በጣና ዳር አዲስ አይደለም። በደሴቶቹ ያሉት የብራና መጻሕፍት እስከ እኛ ዘመን የደረሱት ብራና ጽኑ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ ያረጀው ሳይጠፋ ስለሚገለበጥ ነው። ጸሓፊው የተሳሳተውን ፊደል በምላጭ ፍቆ በላዩ ይጽፋል፤ የተገደፈውንም በኅዳጉ ያገባል። ኋላም ሐመርሽሚት የተባለው የጀርመን ሊቅ የክብራን ገብርኤልን መጻሕፍት በፊልም አንሥቶ ዝርዝራቸውን በ1973 አሳትሟል። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ደግሞ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን አንሥቶ፥ አንዱን ግልባጭ በአሜሪካ በሚኒሶታ አኑሯል። በቤታችንም አሁን አንዱ ግልባጭ በባሕር ዳር፥ አንዱ በጐንደር በእኅታችን ዘንድ ይኖራል።

ሽማግሌዎቹ በተቀጠረው ቀን መጥተው ድምፁን ሰሙ። የሰባቱም ቤት ስም ተገኘ፤ ዝምድና አለመኖሩ ታወቀና ሠርጉ በጥር ሆነ። ካልተነበቡት ሴክተሮች አብዛኞቹ በአንድ ስፍራ ነበሩ፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይሆናል። እናታችን ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋራ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ስለ መጡበት ቀን የሚናገሩበት ነው። መነሣታቸው ይሰማል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ እንደ ገና ሲጀምር «ከዚያ ወዲያ ውሃ አልፈራሁም» ይላሉ። በመካከሉ የሆነውን የሚነግረን ሰው በዘጌም በባሕር ዳርም ፈልገን አላገኘንም።