ማኪያቶና "ባዶ መሬት"

እኛ የፒያሳ ልጆች ጫካን የምናውቀው በማኪያቶ በኩል ነው። ቆመን እንጠጣለን፣ ቆመን እንከራከራለን፣ ሒሳብ ሲመጣ ብቻ ጸጥ እንላለን። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ግን ወሬውም ላይ ጸጥ አልን። "ያረጀ ሰፈር ነው" ተባለ፣ አለቀ። እኛም ፎቶ አንስተን ተጽናናን።

ጫካ ግን በፎቶ አይተካም!

ስኒያችን ውስጥ ያለው አረቢካ የበቀለው ከደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ነው፤ ከፋ፣ ሸካ፣ ያዩ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡናን ፍሬ በአረንጓዴነቱ የሚያጠቁር በሽታ አገራችን ገባ። መላው የተገኘው ከዚያው ከቡናው መሃል ነው። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች እየፈለጉ መረጡ። ዛሬ 74110 የሚባለው ዝርያ በ1974 እ.ኤ.አ. ከኢሉባቦር የተመረጠ ነው። እናት ዛፉ ቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆንስ ኖሮ?

ሸካ ውስጥ ኮቦ የሚባል ነባር ሥርዓት አለ። ቤተሰብ ከደኑ ድርሻ አለው፤ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላል፣ ማር ይቆርጣል፣ ድርሻውን ይጠብቃል። ወረቀት ላይ ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ያልታረሰው ደግሞ "ባዶ" ተብሎ ይነበባል። የሸካ ደን ለሻይና ለቡና እርሻ ሲመነጠር የኖረው እንዲህ እየተነበበ ነው። ዩኔስኮ ከፋንና ያዩን በ2002፣ ሸካን በ2004 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። ደስ ይላል። ሰርተፍኬት ብቻውን ግን መጥረቢያ አይመልስም።

"ባለሀብቱስ ሥራ አይፈጥርም?" አለ አንዱ ጓደኛችን ስኒውን እያስቀመጠ። ይፈጥራል። ሻይ መልቀም ሥራ ነው። ማር መቁረጥም ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ማሩ ጫካው እንዲቆም ይፈልጋል።

እውነቱን ለመናገር እኛም ንጹሕ አይደለንም። ጋዜጠኝነት ተመርቀን በገባንበት የዜና ክፍል "ይህን ያህል ሄክታር መሬት ለባለሀብቶች ተላለፈ" ብለን ጽፈናል። መሬቱ ላይ ምን እንደቆመ አልጠየቅንም። ከዶዘሩ በፊት የሚደርሰው ቃል ነው፤ ፒያሳ ላይ "ያረጀ"፣ ሸካ ላይ "ባዶ"። ቃሉን የምንጽፈው ደግሞ እኛ ነን።

እንግዲህ ወገን፣ "ባዶ መሬት" የሚል ዜና ሲመጣ ከመጻፋችንም ከማንበባችንም በፊት አንዲት ጥያቄ እንጠይቅ፤ እዚያ ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀለው ማነው?