ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲህና ወዲያ፤ ስለ ባሕር ማዶ ማዕድ

ከአራዳ ተነሥቶ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው በመንገዱ ላይ የሀብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ያገኛል። ድልድዩ የታላቁን የጦር ሚኒስትር የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ስም ይዞ የቀረ ነው። እኒህ ሰው ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ የጦር ሚኒስትርነቱን ተቀብለው፥ በ1919 ዓ.ም. እስከ ዐረፉ ድረስ በዚያው ሥልጣን ኖረዋል። ዛሬ ግን የፊታውራሪን ታሪክ ልንጽፍ አልተነሣንም፤ ያሰብነው ስለ ምግብ ነው። አንባቢያችንም «ድልድይንና ምግብን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ሳይጠይቀን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ የከተማው ትልቅ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ነበር። የግሪክ፥ የአርመን፥ የህንድና የዐረብ ነጋዴዎችም ሱቃቸውን በዚያው ዙሪያ ከፍተው ይነግዱ ነበር። ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማችንን በግፍ በያዙበት ዘመን ግን፥ ነጭና ጥቁር በአንድ ስፍራ እንዳይገበያዩ አስበው የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አውጥተው ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ሠፈር አዛወሩት፤ አራዳንም ለወገኖቻቸው አስቀሩት። ስለዚህ ሁለቱ ሠፈሮች እስከ ዛሬ ድረስ በኢጣሊያ ቋንቋ ይጠራሉ፤ ፒያሳ ማለት አደባባይ፥ መርካቶ ማለትም ገበያ ማለት ነውና። ሰውን ከሰው ለመለየት የታሰበው ሐሳብ ከአምስት ዓመት በላይ ዕድሜ አላገኘም። መኮረኒ ግን ድልድዩን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ቀረ፤ የሚመልሰውም አልተገኘም።

የባሕር ማዶ ማዕድ ወደ ሀገራችን የገባው በወረራው ዘመን ነው የሚል ሰው ቢኖር ግን ነገሩን አሳጥሮታል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአንደኛው መቶ ዓመት፥ በግሪክ ቋንቋ የሚጽፍ አንድ ሰው ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በተወልን መጽሐፍ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣሊያን የወይን ጠጅ፥ የወይራንም ዘይት ይቈጥራል። ሁለቱም የሚገቡት በጥቂቱ እንደ ነበረ ጨምሮ ያመለክታል። በዚያው መጽሐፍ ስሙ የተነሣው ንጉሥ ዞስካሌስ የግሪክን ጽሕፈት የሚያውቅ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ የነበሩት ነገሥታተ አክሱም በገንዘባቸው ላይ የግሪክን ፊደል አስቀርጸዋል። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም ከጢሮስ የመጡ የዚያው የባሕር ዳርቻ ሰው ናቸው፤ በአዲስ አበባ ያሉት ግሪኮች ቤተ ክርስቲያናቸውን በእሳቸው ስም በቅዱስ ፍሬምናጦስ ሰይመዋል። ጳጳስና ዲያቆን የሚሉት ቃሎች ከግሪክ እንደ መጡ ሊቃውንቱ ያውቃሉ። ምግብ የምናቀርብበት ጠረጴዛ ሳይቀር ስሙን ያገኘው ከዚያው ቋንቋ ነው። እንግዲህ የግሪክን ምግብ በጠረጴዛ ላይ አቅርቦ «ይህ ለእኛ እንግዳ ነው» ማለት ትንሽ ያስቸግራል።

እውነተኛው እንግዳ ዘይቱ ነው። በደጋችን ሁሉ የሚበቅለው ወይራ ከግሪኩ ወይራ ጋር አንድ ዘር ሲሆን፥ የእኛው ፍሬው ደቃቅና ሥጋው ሥሥ በመሆኑ ማንም ለዘይት አይለቅመውም። እመቤቶቻችን የወይራን እንጨት የሚሹት የጠላውን ጋንና የወተቱን ዕቃ ለማጠን ነው። ግሪኮች ግን ፍሬው እንዲወፍር ዛፉን ከጥንት ጀምሮ እየገረዙና እየተከባከቡ፥ ዘይቱን ለወጥም፥ ለመብራትም፥ ለቅብዓትም አደረጉት። ቅቤና የኑግ ዘይት የለመደ አፍ ይህን ዘይት በመጀመሪያው ጉርሻ ሊወደው አይችልም፤ ጥቂት ምሬት አለበት። ስለዚህ ወደ ግሪክ ምግብ ቤት የሄደ ሰው ሌላ ነገር ከመምጣቱ በፊት ዘይቱን በዳቦ እያጠቀሰ ጥቂት ይቅመስ እንላለን። ይህን ያደረገ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ይረዳዋል።

ግሪኮች በብዛት ወደ ሀገራችን የመጡት በዐፄ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ ነው። ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ሲሠራ ብዙዎቹ በሥራው ላይ ነበሩ። ሐዲዱ ባለፈበት ሁሉም ሱቅ፥ የእንግዳ ማረፊያና ዳቦ ቤት ከፍተዋል። በአዋሽ ጣቢያ ያለው ቡፌ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው፤ አንዲት የግሪክ ተወላጅ እመቤት ለብዙ ዘመን ያስተዳድሩት ስለ ነበር፥ ባቡሩ ሲቆም የወረደው መንገደኛ በዚያ በረሓ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ምሳውን ያገኝ ነበር።

በአዲስ አበባ የግሪክን ማዕድ ለመቅመስ የሚጠይቅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ስም ኦሊምፒያኮስ የሚባለው የግሪኮች ክበብ ነው። ክበቡ ለማኅበርተኞቹ መሰብሰቢያ የቆመ ቢሆንም ከውጭ የሚመጣውንም ተመጋቢ ሲያስተናግድ ቆይቷል። የክበብ ቤት ሥርዓት ከሆቴል የተለየ ስለ ሆነ፥ ቤተ ሰቡን ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ በስልክ ጠይቆ ቢሄድ ይሻለዋል።

ምን ይዘዝ? ከሁሉ በፊት አትክልቱ፤ ይኸውም ቲማቲም፥ ኪያርና ቀይ ሽንኩርት በትልልቁ ተቈርጦ፥ የወይራ ፍሬ ተጨምሮበት፥ ከላዩ ፌታ የሚባለው ነጭ አይብ ተቀምጦበት ይመጣል። ስሙን አይብ እንበለው እንጂ ከእኛው አይብ ጋር አይመሳሰልም። የእኛ ከአሬራ በእሳት የሚወጣ፥ ጨው የሌለበትና ለቃጠሎ ማብረጃ የሚሆን ነው። ፌታ ግን ከበግና ከፍየል ወተት ረግቶ በጨው ውኃ ውስጥ የሚከርም ነው። የበግ ወተት መጠጣት በደገኛው ዘንድ ስላልተለመደ አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጠቍራል፤ ቀምሶ የተወው ግን ጥቂት ነው። ከዚህ ቀጥሎ በእርጎ፥ በኪያርና በነጭ ሽንኩርት የተሠራው ዛዚኪ፥ በሽቦ ተሰክቶ በፍም የተጠበሰው ሱቭላኪ፥ ሩዝ በወይን ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስለው ዶልማ ይመጣሉ። ዶልማ የቱርክም የአርመንም ነው፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባ ልጆች የሚያስታውስ ሰው የአርመንን ምግብ ከዚህ ማዕድ አይለየውም። የወይን ቅጠል ያጣች እመቤት በጥቅል ጎመን ቅጠል ብትጠቀልለው ነውር የለበትም፤ ግሪኮቹም በክረምት እንዲሁ ያደርጋሉ።

ሙሳካ የተለየ ቃል ይገባዋል። ደበርጃን ተልጦና ተጠብሶ፥ የተፈጨ ሥጋ በመካከሉ ተነባብሮ፥ ከላዩ በወተት፥ በዱቄትና በእንቍላል የተሠራ ወፍራም መረቅ ፈስሶበት በምድጃ ይጋገራል። ይህ ነጭ መረቅ የጥንት አይደለም። ኒኮላዎስ ጸለመንቴስ የሚባል የታወቀ የግሪክ ወጥ ሠሪ፥ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት ከፈረንሳዮች ወጥ ቤት አምጥቶ እንዲለመድ አደረገው። የሌላውን ሀገር መረቅ ተቀብሎ «የአባቶቼ ምግብ» ማለት የእኛ የመኮረኒ በላተኞች ጠባይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ሙሳካ ትኵስ ሲሆን ይፈርሳል፤ ጥቂት ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ስለዚህ አስተናጋጁ ቢዘገይ አትቈጡት።

ስለ ጾም ልናስታውስ የሚገባን አለ፤ ሰው በግብዣ ላይ የሚያፍረው በዚህ ነውና። ግሪኮች እንደ እኛ ረቡዕንና ዓርብን ዐቢይ ጾምንም የሚጾሙ ኦርቶዶክሳውያን ናቸው፤ ሥጋ፥ ወተትና እንቍላልም ይተዋሉ። ነገር ግን በጠበቀው የጾም ቀን ዘይትና ወይን ጠጅ ሲከለከሉ፥ ደም የሌላቸው የባሕር ፍጥረቶች ይፈቀዱላቸዋል። በእኛ ዘንድ ዘይቱ የጾም ወጥ መሠረት ሲሆን፥ ስምንት እግር ያለውን የባሕር አውሬ በፍልሰታ በሳሕን ላይ ያየ ጨዋ ሰው ከወንበሩ ይነሣል፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት መከልከሉን ያስባልና። ስለዚህ በጾም ቀን ግሪካዊ ወዳጅ ያለው ሰው «የጾም ነው» ሲባል ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ባቄላ፥ ምስርና አትክልት በዘይት ብሎ የሚያዝዝ ሰው አይሳሳትም። ባቅላባ የሚባለው የለውዝና የማር ጣፋጭም በአንዱ ቤት በቅቤ፥ በሌላው ቤት በዘይት ይሠራልና ሳይጠይቁ መጉረስ አይገባም።

ወደ አራዳ ስንመለስ የኢጣሊያን ማዕድ እናገኛለን። ከጦርነቱ በኋላ በሀገራችን የቀረ ኢጣሊያዊ ያቋቋመው ካስቴሊ የተባለው ምግብ ቤት በፒያሳ ለብዙ ዘመን መኳንንቱንና የውጭ መልእክተኞችን ሲያስተናግድ የኖረ ነው። በኢጣሊያ ቋንቋ ስሙን የያዘው ቶሞካ ቡና ቤትም በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ተከፈተ። ቡና ከእኛ ሀገር ወጥቶ፥ በየመን አልፎ፥ የባሕሩን ዳርቻ ሁሉ ዞሮ፥ ማኪያቶ ተብሎ ወደ እኛ ተመለሰ፤ ትርጓሜውም ነጥብ የጣለበት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ቤቶች ነገር የሚያሳስብ ሆኗል። በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎችንና ትልልቅ ድርጅቶችን፥ በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን በወረሰ ጊዜ፥ ሁለትና ሦስት ትውልድ በዚህ የቈጠሩ ብዙ ግሪኮችና አርመኖች ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳን እንደገና ለመሥራት ሲባል ብዙ የቀድሞ ቤቶች ፈረሱ። ከተማ ይታደሳል፤ ይህን አንቃወምም። ነገር ግን አንድ ምግብ ቤት ሲዘጋ የሚጠፋው ግድግዳው ብቻ አይደለም። በእነዚያ ወጥ ቤቶች ውስጥ እጃቸውን ጠቅልለው ሲሠሩ የኖሩት አብዛኛዎቹ ኢትዮጵያውያንና ኢትዮጵያውያት ነበሩ። የመረቁን ውፍረት በዓይን የሚለኩ፥ የምድጃውን ሙቀት በእጃቸው መዳፍ የሚያውቁ እነዚህ ናቸው። ስማቸው በበሩ ላይ አልተጻፈም፤ ያወቁትንም የጻፈላቸው የለም። እነዚህ አረጋውያን ሳያልፉ ልጆቻችን ከአጠገባቸው ተቀምጠው ቢማሩ፥ ቢያንስም የሚሉትን በደብተር ቢጽፉ መልካም ነበር። እኛም በዚህ ገጽ ቦታ ልንሰጠው ዝግጁ ነን።

የእጃቸው ሥራ ግን በከፊል ድልድዩን ተሻግሯል። በአዲስ ከተማ በኩል ያሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ፓስታውን በሳልሳ ሠርተው፥ በርበሬ ነክተውበት፥ የፈለገ በሹካ፥ የፈለገ በእንጀራ ጠቅልሎ እንዲበላው ያቀርባሉ። ፓስታ በእንጀራ ሲበላ ያየ ኢጣሊያዊ ይደነግጣል፤ እኛ ግን ረቡዕና ዓርብ ብዙ ቤተ ሰብ በርካሽ የሚጠግብበትን ማዕድ አንንቅም። በዚያው ሠፈር ዐረቦች ያስለመዱት ፈጢራም አለ፤ ሊጡ እንደ ወረቀት ተሥሥቶ በብረት ምጣድ ይጠበስና ማር ይፈስበታል። የየመን ሰዎች በሌላው ባሕር ዳር የሚኖሩ ናቸውና ከዚህ ማዕድ ማግባታችን ትንሽ ድፍረት ነው።

ፉል ግን ያለ ጥርጥር የምስር ነው። ቃሉ በዐረብኛ ባቄላ ማለት ሲሆን፥ እኛም ባቄላን በንፍሮ፥ በቆሎ፥ በስልጆ ስናውቀው የኖርን ሰዎች ነን። ደረቁ ባቄላ ሌሊቱን በቀስታ ሲበስል አድሮ ይላቃል፤ በዘይት፥ በከሙን፥ በሽንኩርት፥ በቲማቲምና በቃሪያ ይታሻል፤ ለፍስክ እንቍላል ወይም እርጎ ይጨመርበታል፤ በትኵስ ዳቦም ይበላል። ቢሮ ከመግባቱ በፊት ሊቀምሰው የሚወድ ሹም ከአራዳ ወርዶ በማለዳ ድልድዩን ይሻገር፤ ድስቱ የሚወጣው ጎሕ ሲቀድ ነው፥ ሦስት ሰዓት ካለፈም የሚያገኘው የሳሕኑን ግርጌ ብቻ ነው።